ኢቃማ፣ ከፊልና ሁሩብ፦ ሳዑዲ የምትገባ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማወቅ ያለባት

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሳዑዲ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውኃ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ፣ አልፋችሁም ወደ ባቲ ብትዘልቁ ጅዳ ወይም ሪያድ ልጅ፣ እኅት ወይም አክስት ያለው ቤተሰብ ታገኛላችሁ። ይሁንና ስለ ዐረብ አገር ሲነሣ ወሬው እንዴት ተኬደና ስንት ተላከ የሚል ነው። በመሀል ያለው ጊዜ፣ አንዲት ልጅ ከአውሮፕላን ወርዳ በማታውቀው ሕግና ቋንቋ፣ በማታውቀው ሰው ቤት ኑሮ የምትጀምርበት ጊዜ፣ አስረጂ የለውም። ደላላው ከሸኛት በኋላ ጉዳዩ አይደለም፤ ቤተሰቡም አይቶት አያውቅም።

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ጊዜ ነው፤ በሕጋዊ ውል ለቤት ሥራ ለምትሄዱ እኅቶችና ለምትሸኟቸው ቤተሰቦች። ኩዌት፣ ኤምሬትስ ወይም ቤይሩት የምትሄዱም ብዙው ነገር ይመለከታችኋል፤ ቁጥሮቹና ደንቦቹ ግን የሳዑዲ ናቸው።

ከፋላ ማለት ምን ማለት ነው?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ዛሬ ለቅቃ ነገ ሌላ ፋብሪካ ብትገባ፣ በአገሯ የመኖር መብቷን የሚነካ የለም። ሳዑዲ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። የውጭ አገር ሰው የመኖር ፈቃድ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የተያያዘ ነው። ቀጣሪው ከፊል ይባላል፤ አሠራሩ ደግሞ ከፋላ። ቪዛውን ያስመጣው እሱ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያወጣውም የሚያድሰውም እሱ ነው፤ «ከሥራ ጠፋችብኝ» ብሎ ማመልከት የሚችለውም እሱ ነው። ስለዚህ ከፊሉን ዝም ብሎ ትቶ መውጣትና በአገሩ በሕግ መኖር አብረው አይሄዱም። አዲስ ገቢዎችን የሚያጋጥማቸው ችግር አብዛኛው ይህን ካለማወቅ የሚመጣ ነው፤ መፍራት የሌለባቸውን ይፈራሉ፣ መፍራት ያለባቸውን ግን ይደፍራሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልኝ። ሳዑዲ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የግል ድርጅት ሠራተኞች በተወሰነ ሁኔታ ያለ ቀጣሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ሥራ ላይ አውላለች። የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ማሻሻያ አልተካተቱም፤ የሚገዙት ለብቻቸው በወጣ ደንብ ነው። በድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ የአጎትሽ ልጅ «እኔ እንዲህ አድርጌ ቀየርኩ» ቢልሽ እውነቱን ነው፤ ያንቺ መንገድ ግን እሱ አይደለም።

ሻንጣው ሳይዘጋ

እዚያ የምትደላደይበት ፍጥነት ከዚህ ተሸክመሽው በምትሄጂው ዕዳ ይወሰናል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ዋስትና ወጪ የቀጣሪው ነው። ያንቺ ወጪ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ማስረጃ፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ ነው። «ለቪዛው ይህን ያህል ጨምሩ» የሚል ደላላ ሕጉ ያልፈቀደለትን ገንዘብ ነው የሚጠይቀው። አራጣ ተበድራ የሄደች ልጅ መጥፎ ቤት ቢገጥማት እንኳ አፍ አውጥታ መናገር ያቅታታል፤ ዕዳው አፏን ይዘጋዋል።

ዕድሜን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ እንዳትላክ ይከለክላል። የ16 ዓመት ልጅን 25 ብሎ ፓስፖርት ማውጣት ልጅቱን ከሚጠብቃት ሕግ ማውጣት ነው። ችግር ሲደርስባት ፖሊሱም ዳኛውም የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ እሷ ትልቅ ሰው ናት።

ውልሽን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺና ለሁለት ለምታምኛቸው ሰዎች በቴሌግራም ላኪ፤ ፓስፖርቱንና ቪዛውንም እንዲሁ። የእናትሽን፣ የኤጀንሲሽንና የኢትዮጵያን ኤምባሲ ስልክ በስልክሽ ላይ ብቻ አትተዪ፤ በወረቀት ጻፊው፣ አንዱን ቁጥር ደግሞ በቃልሽ ያዢው። ስልክ ይሰበራል፣ ይወሰዳልም። ኤምባሲያችን ሪያድ ነው፤ ጅዳ፣ መካና መዲና ላሉት የሚቀርበው ጅዳ ያለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው። እናት ሻንጣ ስትሞላ ቆሎ፣ በሶ፣ የተፈጨ ቡና፣ በርበሬ፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሆን የደረቀ ቅጠል በፌስታል በፌስታል ትቋጥራለች። ጉምሩክ ላይ የቆመው ሰው ግን በሶን አያውቅም፤ ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄትና የደረቀ ቅጠል ሲያይ የሚያስበው ሌላ ነው። በርበሬውና ቡናው ታሽገው፣ ስማቸው ተጽፎባቸው ቢሄዱ ይሻላል፤ ቅጠሉ እዚሁ ይቅር። ጫት ደግሞ ሳዑዲ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ ያሳስራል። እዚህ ገበያ ላይ በግልጽ የሚሸጥ ስለሆነ ብዙ ሰው ክብደቱን አይረዳውም። የወንድም ጃኬት ተውሳችሁ ከሆነ ኪሱን ሁሉ ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ዘመድ «ለእንትና አድርሺልኝ» ብሎ የሚሰጣትን የተቋጠረ ዕቃም ፈትታችሁ ሳታዩ አታሲዙ።

ክታብም አለ። በሳዑዲ ጥንቆላ ከባድ ቅጣት ያለበት ወንጀል ነው። አንገት ላይ የታሠረች ክታብ ወይም በጨርቅ የተቋጠረች የዕፅ ሥር ከፍራሽ በታች ስትገኝ ማዳም «ድግምት አሠራችብኝ» ብላ ልትከስ ትችላለች፤ በእንዲህ ያለ ክስ የታሠሩ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ይህን ለእናቶች መናገር ይከብደኛል፤ ለልጃቸው ጥበቃ ብለው ያሰሩላትን ፍቱ ማለት ነውና። ግን ይፈታ። ዱዓውና ጸሎቱ አብሯት ይሄዳል።

ኢቃማ

ስትገቢ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው የመግቢያ ቪዛ ነው። ቀጣሪሽ የጤና ምርመራ አስደርጎ፣ የጣት አሻራሽ ተነሥቶ፣ በ90 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህ ፈቃድ ኢቃማ ነው። ቁጥሩ አሥር አሃዝ ሲሆን የሚጀምረው በ2 ነው፤ የዜጎቹ መታወቂያ የሚጀምረው በ1 ነው። የሚያወጣበትም የሚያድስበትም ገንዘብ የቀጣሪው ነው፤ ከደሞዝሽ ሊቆረጥ አይገባም።

ኢቃማ የሌላት ሴት በስሟ ሲም ካርድ ማውጣት አትችልም፤ ሲም የሚወጣው በኢቃማና በጣት አሻራ ነው። በስሟ የተመዘገበ ሲም ከሌላት ደግሞ አብሸር የሚባለውን የመንግሥት መተግበሪያ መክፈት አትችልም። አብሸር ላይ ኢቃማሽ መቼ እንደሚያልቅ፣ በስምሽ የቀረበ ነገር መኖር አለመኖሩን ራስሽ ታያለሽ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ኢቃማ፣ ሲም፣ ከዚያ አብሸር ነው። «በማዳም ስም በወጣ ሲም ተጠቀሚ» ብትባዪ ለመጀመሪያው ሰሞን ይሁን፤ ኢቃማው ሲወጣ ግን የራስሽን ጠይቂ። ኢቃማው ላይ ስምሽ በዐረብኛ ሲጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር መስማማቱንም አይተሽ አረጋግጪ። የእኛ ስም የአባትና የአያት ስለሆነ አንዱ ይዘለላል፣ ወይም ፊደሉ ይለወጣል፤ ኋላ ገንዘብ ስትልኪ ያንን የሚያስተካክል ሰው ፍለጋ ትደክሚያለሽ።

ፓስፖርትን በተመለከተ ደንቡ ቀጣሪ የሠራተኛውን ፓስፖርትና የግል ሰነድ እንዳይይዝ ይከለክላል። በተግባር ግን ብዙ ቤተሰብ ገና በር ላይ «አስቀምጥልሽ» ብሎ ይወስዳል። በእኔ አስተያየት በመጀመሪያው ሳምንት በዚህ መጣላት አያዋጣም። ፎቶው በእጅሽ ነው፣ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ፤ ቢጠፋም ኤምባሲው ምትክ የጉዞ ሰነድ መስጠት ይችላል። ለዕለት ኑሮሽ የሚያስፈልግሽ ኢቃማው ነው፤ እሱን ለማንም አትስጪ።

ሁሩብ፣ እና ሳይጠፉ መውጣት

ከፊል «ሠራተኛዬ ጠፋች» ብሎ ሲያመለክትና ሲመዘገብ ሁሩብ ተደረገች ይባላል። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ በእጇ ቢኖርም ዋጋ የለውም። ሌላ ቦታ በሕግ መሥራት አትችልም፤ ፍተሻ ላይ ከተያዘች ወደ ተርሂል፣ ማለትም ወደ መመለሻ ማቆያ ትወሰዳለች፤ ከአገር ስትወጣም አሻራዋ ተይዞ ተመልሳ እንዳትገባ ትታገዳለች።

ታዲያ ብዙ ልጆች ለምን ይወጣሉ? ምክንያቱ አይጠፋኝም። ውል ላይ ያለው ደሞዝ በብዛት 1,000 ሪያል ነው፤ ውጪ በግል የሚሠሩት ከዚያ የበለጠ ያገኛሉ፣ የሚያድሩትም ከአገር ልጅ ጋር ነው። አንዷ ደውላ «እዚያ ምን ታደርጊያለሽ፣ ነይ» ትላለች። የማትነግራት ግን አለ። ወረቀት የሌላት ሴት ደሞዟን የከለከላትን ሰው መክሰስ ትፈራለች፤ ገንዘብ በራሷ ስም መላክ አትችልም፤ እናቷ ብትሞት ተሳፍራ መምጣት አትችልም። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ፍተሻው ሲጀመር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ያጠራቀሙትን ዕቃ ጥለው፣ በለበሱት ልብስ የመጡትን ደሴም ኮምቦልቻም ተቀብለዋቸዋል።

በባቲ በኩል በጅቡቲና በየመን አቋርጠው ለሚገቡት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሳዑዲ ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ያሳፈረ፣ ያስጠጋ ወይም የቀጠረ ሰው እስከ 15 ዓመት እስርና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ሊደርስበት እንደሚችል አሳውቃለች። በየመን ድንበር በኩል ያለችው የሳዑዲ ጂዛን ከደረሱ በኋላ «ዘመዴ ስልክ አላነሣ አለ» የሚሉ ልጆች ሁሉ ዘመዳቸው ጨካኝ ሆኖባቸው አይደለም።

ችግር ያለበት ቤት የገባች ሴት ግን ተቀምጣ ትሙት እያልኩ አይደለም። ሕጉ የተወው በር አለ፣ ማወቅ ነው የጠፋው። ለሙከራ ተብሎ የተሰጠው ጊዜ እስከ 90 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ካልተስማማሽ ለላከሽ ኤጀንሲና እዚያ ላለው መክተብ፣ ማለትም ለሠራተኛ አስመጪው ቢሮ፣ አመልክተሽ ሌላ ቤት መጠየቅ ከሁሉ ይቀላል፤ ስለዚህ ችግር ካለ በሁለተኛው ወር ተናገሪ፣ «ይሻሻል ይሆናል» እያልሽ 90ው ቀን አይለፍ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከፊሉ ባይፈቅድም ወደ ሌላ ቀጣሪ መዛወር የሚቻልባቸው ምክንያቶች በደንብ ተቀምጠዋል። ሦስት ወር ደሞዝ ካልከፈለ፣ ሦስቱ ወር ተከታታይ ባይሆን እንኳ። ኢቃማሽን ካላወጣ፣ ወይም ካለቀ ከ30 ቀን በላይ ካላደሰ። ዘመዱ ላልሆነ ሰው ቤት እንድትሠሪ ካዋሰሽ። ጤናሽን ወይም ሕይወትሽን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ከሰጠሽ። በሐሰት ሁሩብ ካደረገሽ። ዝውውሩ ነቅል ከፋላ ይባላል፤ የሚጠየቀው በሰው ሀብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር በኩል ነው፤ የጥሪ ቁጥሩ 19911 ነው።

በእነዚህ ሁሉ የሚፈርደው ማን ቀድሞ አመለከተ የሚለው ነው። ከፊሉ ሁሩብ ከማድረጉ በፊት ያንቺ አቤቱታ በመክተቡ፣ በሚኒስቴሩ ወይም በኤምባሲው ተመዝግቦ ከተገኘ ጠፊ አይደለሽም፣ ከሳሽ ነሽ። ቤቱን ትተሽ ወጥተሽ ጓደኛ ቤት ሦስት ሳምንት ካደርሽ በኋላ የምታቀርቢው እውነት ግን፣ እውነት ቢሆንም፣ የሚሰማው ያጣል።

ድብደባና ጥቃት ሲሆን ይህ ሁሉ ስሌት ይቅር። ውጪ፣ ፖሊስ ጥሪ። ቁጥሩ 999 ነው፤ በሪያድ፣ በመካ፣ በመዲናና በምሥራቁ ክልል 911። ከቤት ወጥተሽ የምትሄጂው ግን ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲ ይሁን፣ በዚያው ቀን። በር ተቆልፎብሽ ከሆነ ደውይና ጠብቂ፤ በመስኮት ከፎቅ አትውረጂ። እንዲህ ለማምለጥ ሲሞክሩ የተሰበሩ፣ የሞቱም እኅቶች አሉ።

ደሞዝና ሐዋላ

የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሮ የቆየ ገንዘብ ነው፤ 1,000 ሪያል 267 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ውል የሚገቡ የቤት ሠራተኞች ደሞዝ ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት የቤት ሠራተኛ ቅጥር ሥርዓት በኩል፣ በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ተደርጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ምስክር የለውም፤ በሥርዓቱ የገባ ደሞዝ ግን የተከፈለውንም ያልተከፈለውንም ይመሰክራል። «በእጅሽ ልስጥሽ፣ ይቀልሻል» ብትባዪ በትሕትና እንቢ በይ። ማዳም «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ስትልም እንዲሁ።

የሥራው ሰዓት በአዲሱ ደንብ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳያልፍ፣ በሳምንትም 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲኖር ተደንግጓል። ይህ በየቤቱ ይከበራል ማለት አልችልም። ግን ቁጥሩን ማወቅሽ ስትደክሚ «ልረፍ» ለማለት ያበረታሻል፤ መብቷን የምትጠይቅና ውለታ የምትለምን ሴት ድምፃቸው ይለያያል።

ብር በሚላክበት ላይ ብዙ ቤተሰብ አሁንም በሰው እጅ የሚመጣውን ይመርጣል። ቀድሞ የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት እጥፍ ይደርስ ስለነበር ይገባኛል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ልዩነቱ ምንም ያህል ቢሆን በባንክ ወይም በታወቀ አስተላላፊ የላክሽው ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኝ ደግሞ ደሞዝ ማግኘትሽንና ገንዘቡ የት እንደሄደ ያሳያል። የተቀባዩ ስም ከፋይዳው ጋር አንድ ይሁን፤ «መሐመድ» እና «ሙሐመድ» በላቲን ፊደል በአንዲት ሆሄ ሲለያዩ ገንዘቡ ተይዞ ሊሰነብት ይችላል።

ቤቱ ውስጥ

የሳዑዲና የእኛ ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን በስድስት ይለያል። ማዳም «ሰባት ላይ ቁርስ» ስትል የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ስልክሽን በእነሱ አቆጣጠር አድርጊው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ቁጣ ከዚህ ይነሣል። ወሩም አንዳንዴ በሂጅራ ይቆጠራል፤ የሂጅራ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ውልሽ ላይ ያለው ሁለት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስነብቢው። በረመዳን ደግሞ ሌሊቱ ቀን ይሆናል፤ ቤቱ እስከ ሱሑር ነቅቶ ጠዋት ይተኛል፣ ወጥ ቤቱም ከዐስር ሶላት በኋላ ይጦፋል። እንቅልፍሽን መቼ እንደምትተኚ አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

ቁርኣን ቤት የተማራችሁ ከሌላው አንድ እርምጃ ትቀድማላችሁ፤ ፊደሉን ታነብባላችሁና የመድኃኒት ካርቶኑም የመንገዱም ስም አያስቸግራችሁም። የሚነገረው ግን ከቁርኣኑ ዐረብኛ የራቀ ስለሆነ ጆሮ እስኪለምድ ሦስት አራት ወር መሄዱ አያስደንግጣችሁ። ሁሉም በዚህ ያልፋል። ያልገባሽን «ገባኝ» አትበዪ፤ ደግሜ አሳዪኝ ማለት ሰው አያሳንስም።

አንድ ነገር በደንብ ልግለጽ፣ ሕይወት ስለሆነ። ሽንት ቤት የሚታጠብበት ዕቃ ሲሰጡሽ በብዛት ሁለት ዓይነት ጠርሙስ ታገኚያለሽ። አንዱ ክሎሮክስ ነው፣ የእኛ በረኪና። ሌላው አሲድ ያለበት የድንጋይና የዝገት ማጽጃ ነው። አንዱ ብቻውን አላጸዳ ሲል ብዙ ልጅ ሁለቱን ትቀላቅላለች። ያን ጊዜ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ደረት ይይዛል፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። አትቀላቅዪ። በአንዱ ካጸዳሽ በውኃ በደንብ አለቅልቀሽ፣ አየር አስገብተሽ ነው ሌላውን የምታነሺው። ቀላቅለሽው ከሆነ ደግሞ ለመጥረግ አትሞክሪ፤ ትንፋሽሽን ይዘሽ ውጪ፣ በሩን ዝጊው፣ መስኮት ወዳለበት ሂጂ፤ ደረትሽን ከያዘሽ ወይም ካሳለሽ ሐኪም ይየው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም በረኪና አይቀላቀልም።

ሙቀቱም እንግዳ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የብርድና የጭጋግ ከተማ ናት። ሪያድ በበጋዋ ከ45 ዲግሪ ታልፋለች፣ አየሯም ደረቅ ነው፤ ጅዳ ደግሞ ወበቃም ናት። ሰውነት ሙቀቱን የሚለምደው በአንድ በሁለት ሳምንት ነው። እስከዚያ ውኃ ሳይጠማሽ ጠጪ፤ ሽንትሽ ከጠቆረ ውኃ አንሶሻል ማለት ነው።

ስልክሽ ላይ ካሜራ አለ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ግን ካሜራ አደገኛ ዕቃ ነው። የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500 ሺህ ሪያል ይቀጣል። ሳሎኑን፣ ልጆቹን፣ የማዳምን ልብስ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ለአገር ቤት ጓደኛ ማሳያ ሊመስል ይችላል፤ እዚያ ክስ ነው። ለእናትሽ ቪዲዮ ስትደውዪ ክፍልሽ ውስጥ ሆነሽ፣ ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ ደውዪ።

ሆድ መባሱን ማንም አስቀድሞ አይነግራትም። የመጀመሪያው ወር ግርታ ነው፣ ጊዜው ሳይታወቅ ያልፋል። የሚከብደው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው፤ ሥራው ሲለመድ ብቸኝነቱ ይወጣል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ አልዋጥ ይላል፣ ሰው ሲጠራ ያስደነግጣል። ይህ ለአብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ የሚቀል ነገር ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ የሌለ ድምፅ መስማት ከተጀመረ ግን ሕመም ነው፤ ለቤተሰብና ለኤጀንሲ ያንኑ ቀን ይነገር። እንደ ነውር ተደብቆ የከፋ ነገር አለ።

እዚህ ለቀራችሁት

ቤተሰብ ሆይ፣ ከጉዳዩ ግማሹ እናንተ ጋ ነው። የመጀመሪያው ደሞዝ ኢቃማና የባንክ ሂሳብ እስኪስተካከል ሊዘገይ ይችላል፤ በሁለተኛው ወር «የእከሊት ልጅ ልካለች» ብላችሁ አትደውሉላት። ከሁሩብ የሚያደርሰው አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ልጅቱ ቶሎ ለመላክ ስትል ቤቱን ትታ ትወጣለች። ስትደውሉ «ኢቃማሽ ወጣ? ሲሙ በማን ስም ነው? ደሞዝሽ በምን ገባ?» ብላችሁ ጠይቋት። እነዚህን ሦስቱን የመለሰች ልጅ ቢያንስ ወረቀቷ ተስተካክሏል።

ከምትልከው የተወሰነው በስሟ በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይግባ። እናቷ ዕቁብ ብትገባላትም በእሷ ስም ይጻፍ። ሁለት ዓመት ለፍታ ስትመለስ ቤቱ ታድሶ፣ ወንድሟ ባጃጅ ገዝቶ፣ በእሷ ስም ግን አንዲት ሳንቲም የሌለበትን ሁኔታ በየሰፈራችን እናውቀዋለን። ያን ጊዜ የሚቀራት ሌላ ዙር መሄድ ብቻ ነው። ይህን ለውጡ ብዬ እለምናችኋለሁ።

ውሉ ሲያልቅ

ሁለት ዓይነት መውጫ አለ። ኹሩጅ ወ ዐውዳ ሄዶ መመለሻ ነው፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ። ኹሩጅ ኒሃኢ ጨርሶ መውጫ ነው። የትኛው እንደተሠራልሽ ከመሳፈርሽ በፊት አብሸርሽ ላይ እዪ፤ «ለዕረፍት ነው» ተብላ በጨርሶ መውጫ የተሸኘች አለች። በአንድ ቀጣሪ አራት ተከታታይ ዓመት የሠራች ሴት ሲያበቃ የአንድ ወር ደሞዝ ተጨማሪ ይገባታል። የመመለሻ ትኬቱም የቀጣሪው ነው።

ስትወጪ የሚሰጥሽ ወረቀት ይኖራል፤ ደሞዜን በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል። ገንዘቡ ሂሳብሽ ውስጥ መግባቱን ካየሽ በኋላ ፈርሚ። «ኤርፖርት ላይ እሰጥሻለሁ» ከተባልሽ እዚያው ኤርፖርት ላይ፣ ገንዘቡን ቆጥረሽ ከያዝሽ በኋላ ትፈርሚያለሽ። ፊርማሽ ወይም አሻራሽ ካረፈ በኋላ ደሴ ደርሰሽ የምታቀርቢው አቤቱታ ያንን ወረቀት አልፎ መሄድ አለበት፤ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው።